ፕሮጀክቱ ያለው ማን ቤት ነው? (ጥያቄና መልስ)

በጎጃም ከተሞች በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በግብረ ሠናይ ድርጅቶች ፕሮጀክት ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የፕሮጀክት አስተባባሪ ተብዬ በደብዳቤ ተመደብኩ። መሐንዲሱም የሒሳብ ሠራተኛዋም አይሰሙኝም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ጉድለቱ የደብዳቤው ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። ሥራ በየክፍሉ በተደለደለበት ቤት የመሐንዲሱን የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የሚፈራውም እሱን ነው። በፕሮጀክት በተዋቀረ ድርጅት ግን ሰዉም ገንዘቡም በፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ እጅ ነው። ማትሪክስ የሚባለው በሁለቱ መካከል ሆኖ አንዱን ሠራተኛ ለሁለት አለቃ ያሳድራል። መርሐ ግብር ከማውጣትዎ በፊት መሐንዲሱ በሳምንት ስንት ቀን የእርስዎ እንደሚሆን ከኃላፊው ጋር በቃለ ጉባኤ ይፈራረሙ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ግንባታ ላይ በየዓመቱ ሰኔ የምንዋከበው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጎጃምን ሐምሌ ያውቁታል። ጨረታው፣ ግምገማው፣ ውሉ ሲንከባለል ጥር ይገባል። ሰኔ ላይ ኮንክሪት ሲሞላ ዝናብ የወረደበት ቦታ ነበርኩ፤ አንድ የቀን ሠራተኛ የሲሚንቶውን ከረጢት በጋቢው ሸፍኖ ራሱ ይበሰብስ ነበር። የጨረታ ሰነዱን በክረምት ጨርሱት፤ ማስታወቂያው መስከረም ሲጠባ ይውጣ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ መዝገብ ቤታችንን ወደ ኮምፒውተር ካዛወርን ስድስት ወር ሆነ። ሠራተኞቹ ግን አሁንም ባሕር መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። እምቢተኝነት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ከማለትዎ በፊት አንድ ጠዋት እዚያው ቁጭ ብለው ይመልከቱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ተሳስቻለሁ። በዚያ መዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፋይል የምታወጣው በባለጉዳዩ አባት ስምና በቀበሌው ነበር፤ እኛ ያመጣነው ፕሮግራም የሚፈልገው በፋይል ቁጥር ብቻ ነው። ከገጠር የመጣ ሽማግሌ ቁጥሩን ከየት ያምጣ? መብራት ሲጠፋስ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ለውጥን በሦስት ደረጃ ሲያስቀምጥ መጀመሪያ ያደረገው የረጋውን ማቅለጥ፣ ማለት ሰዉን ከለመደው አሠራር ማላቀቅ ነው። እኛ ሳናቀልጥ ልንቀርጽ ተነሣን።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ጆን ኮተር ለውጥን ለመምራት ያስቀመጣቸው ስምንት ደረጃዎች እዚህ ይሠራሉ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ደረጃ ጥድፊያን መፍጠር ነው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮርና ካይዘን በተባሉ የአሠራር ማሻሻያዎች ያለፈ ሠራተኛ ጥድፊያ ሰልችቶታል። ከስድስተኛው፣ ቶሎ የሚታይ ትንሽ ውጤት ከማሳየት ቢጀምሩ ይሻላል፤ ለምሳሌ የዘገየ የውሎ አበል ክፍያ ያፋጥኑ።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ ገበሬው የመስኖ ፕሮጀክታችንን ለምን ይጠራጠራል?

መልስ፦ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም የሸፈተው ብሩ በዝቶበት ብቻ አልነበረም፤ መሬት ሊለካ ነው ሲባል ርስቴ ሊሄድ ነው ብሎ ፈራ። መንግሥት በመጨረሻ ውዝፉን ማረ። ሜትር ይዞ ማሳ የገባ ሰው ዛሬም ምን ሊወስድ መጣ ያሰኛል። ቀያሹን ከመላክዎ በፊት የሚለካው ለምን እንደሆነ በዕድሩ ስብሰባ ይናገሩ፤ ልኬቱም ባለማሳው ፊት ይነበብ።