መቆለፊያው ተገጥሟል፤ ያን ሌሊት ተቆልፎ ነበር?

ጥያቄ፦ ለጉዞ የምጠቀምባትን ሞተርሆም (ማደሪያ ክፍል ያላት መኪና) በኪራይ ማቆሚያ ግቢ አስቀምጬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ብመለስ የለችም። አላርም፣ የመሪ መቆለፊያና ጂፒኤስ አስገጥሜላታለሁ፤ ደረሰኝም አለኝ። ለፖሊስ አመልክቻለሁ። መድን ድርጅቱ ግን ሁለቱንም ቁልፎችና የጂፒኤሱን መዝገብ ካላቀረብኩ ካሳ እንደማይከፍለኝ ገልጾልኛል። ይህን የመጠየቅ መብት አለው? ውስጧ የነበሩት ላፕቶፕና ካሜራ፣ በኋላ ያስገጠምኩት ሶላር ፓኔልስ ይካሳሉ?

መልስ፦ አዎ፣ የመጠየቅ መብት አለው። ካሳ የሚጠይቅ መድን ገቢ ጉዳቱን ሳይዘገይ ማሳወቅና ለማጣራቱ ሥራ መተባበር አለበት። ላፕቶፕና ካሜራ ብዙውን ጊዜ በተሽከርካሪ መድን አይሸፈኑም፤ ቢሸፈኑም እስከ ተወሰነ ገንዘብ ነው። የቤት ዕቃ መድን ካለዎት እሱንም አውጥተው ያንብቡ። ሶላር ፓኔሉ የመኪናዋ አካል ሆኗል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ የሚጠነክረው ግን ሲገጠም ለድርጅቱ አሳውቀው ከሆነ ነው።

አሁን ወዳልጻፉልኝ ነገር ልሂድ፤ ቅር አይበልዎት። ሦስት መሣሪያዎች እንደተገጠሙ ነግረውኛል፤ መኪናዋ በተወሰደችበት ሰዓት ይሠሩ እንደነበር ግን አልነገሩኝም። በሥራ ላይ ያለ የክትትል ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሳይነሳ መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ወደ ስልክዎ መልእክት ይልካል። እርስዎ ግን መጥፋቷን ያወቁት በአካል ሄደው ነው። መድን ድርጅቱም ያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ውል ሲገቡ የሞሉት ቅጽ ላይ «አላርምና ጂፒኤስ አላት» የሚለውን ምልክት አድርገው የአረቦን (የመድን ክፍያ) ቅናሽ አግኝተው ይሆናል። ብዙ ፖሊሲዎች (የመድን ውሎች) ግን መሣሪያው መገጠሙ አይበቃቸውም፤ መኪናዋ ያለ ጠባቂ ስትቆም አላርሙ እንዲበራ፣ የመሪ መቆለፊያው እንዲታሰር፣ የጂፒኤሱ የክትትል አገልግሎት ክፍያ እንዳይቋረጥ ያስገድዳሉ። ደረሰኙ የሚያስረዳው መግዛትዎን ብቻ ነው። ስለዚህ ፖሊሲውንና የሞሉትን ቅጽ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ቃሉ «ይገጠም» ነው ወይስ «በሥራ ላይ ይሁን» የሚለውን ይለዩ። ግዴታው ቢጣስ እንኳ ጥሰቱ ከስርቆቱ ጋር ግንኙነት ከሌለው ካሳው አይቀርም የሚል ሕግ ያላቸው አገሮች አሉ፤ ጠበቅ ያሉም አሉ። ውልዎ በየትኛው እንደሚገዛ ጠበቃ ሳያማክሩ ለድርጅቱ መልስ አይስጡ።

ጂፒኤሱ ዝም ያለበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የሕግ ውጤቱም ይለያያል። የአገልግሎት ክፍያው ጊዜው አልፎ ወይም የሲም ካርዱ ሂሳብ አልቆ ከሆነ ጥፋቱ ወደ እርስዎ ያዘነብላል። ሌባው በሞገድ ማፈኛ አፍኖት ወይም ሽቦውን ቆርጦት ከሆነ ግን ይህ የሌባው ድርጊት ነው። ሦስተኛው የባትሪ ማለቅ ነው፦ አላርምና ጂፒኤስ መኪናዋ ቆማም ከባትሪው ትንሽ ትንሽ ይስባሉ፤ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የቆመ ባትሪ ሊያልቅ ይችላል። ከአገልግሎት ሰጪው የመጨረሻዎቹን መልእክቶች ቀን፣ ሰዓትና የቮልት ንባብ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ያነባል። ንባቡ ቀስ በቀስ ወርዶ ከ11.8 በታች ሲደርስ ከተቋረጠ ባትሪው አልቋል ማለት ነው፤ የአገልግሎት ክፍያውና የሲም ሂሳቡ ሳይቋረጥ በ12.6 ላይ እያለ ድንገት ከጠፋ ግን መታፈኑን ወይም መቆረጡን ያመለክታል። ያቺ አንዲት ገጽ ከደረሰኞችዎ ሁሉ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ቁልፍስ? የት እንዳለ አንድም ቃል አልጻፉም፤ ይህ ነው ያሳሰበኝ። ሞተርሆም ያላቸው ሰዎች ትርፉን ቁልፍ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ወይም የጋዝ ሲሊንደሩ ሳጥን ውስጥ ይተዋሉ። ቁልፍ መኪና ውስጥ ተትቶ የደረሰን ስርቆት ከሽፋን የሚያስወጣ አንቀጽ በብዙ ውሎች አለ። ለግቢው ጠባቂ ሰጥተውት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቁልፉን የተቀበለ ሰው ወይም ድርጅት ራሱ ሊጠየቅ ስለሚችል የኪራይ ውሉንና ያስረከቡበትን ማንኛውንም ጽሑፍ ያግኙ።

አደራዎን፣ አሁን አዲስ ቁልፍ አስቀርጸው «ይኸው ሁለቱም» ብለው እንዳያቀርቡ። የመኪናው አምራች የትኛው ቁልፍ መቼ እንደተመዘገበ ሊያውቅ ይችላል፤ መርማሪም የቅርጻ ምልክቱን በአጉሊ መነጽር ያያል። ቁልፉ ውስጥ ተረስቶ ከሆነ በአንድ አንቀጽ ላይ ይከራከራሉ፤ ከዋሹ ግን ካሳው በሙሉ ሊቀር ይችላል፣ የወንጀል ክስም ሊከተል ይችላል። እውነቱን መጀመሪያ ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ ለድርጅቱ የሚሰጡትን የጽሑፍ ቃል አብረው ያዘጋጁ።

ዛሬውኑ ለግቢው ባለቤት በጽሑፍ አመልክተው የግቢው የጥበቃ ካሜራ ቅጂ እንዲጠበቅ ይጠይቁ፤ ብዙ መቅረጫዎች በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአሮጌው ላይ ይቀርጻሉ። መሬቱ ላይ የተሰበረ መስታወት ወይም የተቆረጠ የመሪ መቆለፊያ ካለ ሳይነኩት ፎቶ አንስተው ለፖሊስ ያሳውቁ፤ መቆለፊያው ታስሮ እንደነበር ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያገኙም። የላፕቶፑን፣ የካሜራውንና የፓኔሉን መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይሰብስቡ። የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ይጻፉ። ጂፒኤሱ ድንገት ነቅቶ ቦታ ቢያሳይ ለፖሊስ ይደውሉ እንጂ እርስዎ አይሂዱ።

ድርጅቱ ከፊል ክፍያ አቅርቦ «ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ሰነድ ካመጣ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። ክፍያውን ከከለከለም ምክንያቱንና የተመሠረተበትን አንቀጽ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ፤ የይርጋ ጊዜው (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) መቁጠር የሚጀምርበትን ቀን ከጠበቃዎ ጋር ያረጋግጡ።