ለስኮላርሺፕ ስጡ፣ ግን የማን ገንዘብ እንደሆነ እወቁ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ "ለፕራይቬት ስኩል ስኮላርሺፕ ስጥ፣ መንግሥት ይመልስልሃል" የሚል ወሬ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። እውነት አለበት፣ ግን ግማሹ ተቆርጦ ነው የሚወራው።

ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ከ2027 ጀምሮ ለስኮላርሺፕ ድርጅት ለሰጠ ሰው እስከ 1,700 ዶላር ታክስ ክሬዲት ይፈቅዳል። ክሬዲት እንደ ዲዳክሽን (ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንደሚቀነሰው) አይደለም። ከምትከፍሉት ግብር ላይ ዶላር በዶላር ነው የሚቀነሰው። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ስትሰጡ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ የሰጣችሁት ከኪሳችሁ ሳይሆን መንግሥት ጋ ሊገባ ከነበረው ግብር ነው ማለት ይቻላል።

ክርክሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ደጋፊዎቹ ሀብታም ለልጁ ትምህርት ቤት ሲያማርጥ ድሃ ለምን ሰፈሩ ባለው ብቻ ይወሰን ይላሉ፣ ይህን የሚል ወላጅ አልፈርድበትም። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ፐብሊክ ስኩሉ ይራቆታል፣ ድሮም ከፍሎ የሚያስተምረው ነው የሚጠቀመው ይላሉ። አሪዞና ይህን አሠራር በ1997 ጀምራ ክስ ቀርቦባት ነበር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2011 ገንዘቡ ከመንግሥት ካዝና የወጣ አይደለም፣ ከሳሾቹም የመክሰስ መብት የላቸውም አለ። ሕጉ ይበል፤ እኔ የሕዝብ ገንዘብ ነው ባይ ነኝ። የፌዴራሉ ስኮላርሺፕ የገቢ ጣሪያ የአካባቢው መካከለኛ ገቢ ሦስት እጥፍ ነው። ይህ ለድሃ ብቻ የተሠራ አይመስለኝም። እንግሊዝኛ ሳይችሉ የመጡ ልጆቻችንን ማንንም ሳይመርጥ የተቀበለው ደግሞ ፐብሊክ ስኩሉ ነው።

መስጠት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ግብር ይኑርባችሁ። ሦስት ልጅ ያለው ኡበር ነጂ በልጆቹ ክሬዲት የገቢ ታክሱ ዜሮ ከሆነ፣ 1,700 ዶላር ሰጥቶ በዚያ ዓመት የሚያገኘው ነገር የለም፤ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱንም (የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን) አይነካለትም። ያልተጠቀመበትን እስከ አምስት ዓመት ማሻገር ይችላል፣ ግን የቤት ኪራዩ አምስት ዓመት አይጠብቀውም። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት እንጂ ከሰጣችሁ በኋላ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ነገሩ እቁብ አይደለም። "አንተ ለኔ ልጅ ስጥ፣ እኔ ላንተ ልጅ እሰጣለሁ" የሚላችሁ ካለ ራቁት። ለእገሌ ልጅ ይሁንልኝ ብሎ መስጠት በፌዴራሉ ሕግ አይቻልም፣ አሪዞና መለዋወጡን ራሱ በሕግ ከልክላለች።

የስቴታችሁንም እዩ። የፌዴራሉ የሚሠራው ስቴቱ ሲገባበትና የድርጅቶቹን ዝርዝር ሲያቀርብ ነው። ጆርጂያ ከ2008 ጀምሮ የራሷ አላት፤ ያላገባ እስከ 2,500፣ ባልና ሚስት አብረው እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣሉ፣ ግን መጀመሪያ የስቴቱ ገቢዎች መሥሪያ ቤት ይፈቅድላችሁ። ከስቴት ያገኛችሁት ከፌዴራሉ ላይ ይቀነሳል፣ በአንድ ስጦታ ሁለቴ የለም።

ስኮላርሺፕ ተቀባይ የምትሆኑ ደግሞ ለስንት ዓመት እንደሆነና ስኩል ፊውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ልጃችሁ አይኢፒ (ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ ፐብሊክ ስኩሉ የሚያወጣው የትምህርት ዕቅድ) ካለው በጣም ተጠንቀቁ። በራሳችሁ ምርጫ ፕራይቬት ስኩል ስታስገቡት በፐብሊክ ስኩል የነበረው መብት አብሮት አይሄድም።

የፌዴራሉ ሕግ ለፐብሊክ ስኩል ተማሪ ማስጠኛም ይፈቅዳል። እኔ ብሰጥ ይህን ለሚሠራ ድርጅት ነው የምሰጠው። ስቴታችሁ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ ድርጅት መኖሩን የኮሚኒቲ ማኅበራችሁ ከአሁኑ ይጠይቅ።