ከዘፋኙ ይልቅ አሳታሚውን ተከተል

"አፑ ያንኑ ዘፈን እየደጋገመ አሰለቸኝ፤ አዲስ ኢንዲና ሶል ሙዚቃ ከየት ላግኝ?" ላልከው ወንድሜ፣ ከዘፋኙ ይልቅ አሳታሚውን፣ ማለትም አልበሙን የሚያወጣውን ድርጅት፣ ተከተል። የብሩክሊኑን ዳፕቶን ሬከርድስ ውሰድ። የሶል ዘፋኞቹን የሻሮን ጆንስንም የቻርልስ ብራድሊንም አልበሞች ያወጣው እሱ ነው። ቀጥለህ ከጀርባ እነማን እንደተጫወቱ እይ። የሻሮን ባንድ፣ ዳፕ ኪንግስ፣ ኤሚ ዋይንሃውስ በ2006 ባወጣችው አልበም ላይም አጅቧል። አንዱ ድራመር ወደ ሌላ አልበም፣ ያም ወደ ሌላ ይመራሃል። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን መንገድ ነው።

ሙዚቃ በሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ ደግሞ አልበሙን የገዙ ሰዎች ምስል ተደርድሮ ታገኛለህ። ጣዕሙ የሚገጥምህን ሰው ተጫንና ሌላ ምን እንደገዛ በርብር። ወርቁ ያለው እዚያ ነው! ብቻ በአንድ ዘፈን አትፍረድ፤ አልበሙን እስከ መጨረሻው ስማው። ዳፕቶንን ስትጨርስ ቢግ ክራውን ሬከርድስን ያዝ፤ ከዘፋኟ ሌዲ ሬይ ጀምር።