ደውሎ ክፍያ ስለማስቀነስ፦ ለጠየቁን አባል

ለዓመታት የተጠቀሙበት የኢንተርኔት አገልግሎት ክፍያ በድንገት መጨመሩን ገልጸው፣ «ደውዬ ባነጋግራቸው ይቀንሱልኛል ወይስ ራሴን ማስገመት ብቻ ይሆናል?» ሲሉ ለጠየቁን አባል ከራሴ ልምድ ተነሥቼ ልመልስ። ይቀንሱልዎታል ብዬ ቃል መግባት ባልችልም፣ መጠየቁ ግን የሚያስገምት ነገር የለውም። እኔም ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት በዚሁ ይሉኝታ ነበር።

በቅድሚያ የትኛው ክፍያ ለድርድር እንደሚመች መለየት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት፣ የሞባይል ጥቅል፣ የቴሌቪዥን ቻናሎች፣ የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ ተወዳዳሪ እስካላቸው ድረስ ለድርድር ክፍት ናቸው። የውሃና የመብራት ታሪፍ በተቆጣጣሪ አካል በሚወሰንበት ቦታ ግን ስልኩን ያነሣው ሠራተኛ ቤሳ የመቀነስ ሥልጣን ስለሌለው፣ ከእርሱ ጋር መከራከር ድካም ብቻ ነው። እዚያ የሚያዋጣው፣ የመጣው ሂሳብ ቆጣሪው ተነቦ ይሁን ወይም በግምት የተሠራ መሆኑን መጠየቅ ነው። በግምት ከሆነ በቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሥተው እርማት ይጠይቁ፤ ውዝፍ ካለብዎም በየወሩ ከፍለው የሚጨርሱበትን ስምምነት ማንሣት ይችላሉ።

ወደ ኢንተርኔቱ ልመለስ። ክፍያው በድንገት የጨመረ ይምሰል እንጂ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሲገቡ የተሰጠዎት የቅናሽ ጊዜ ማብቃቱ ነው። ኩባንያዎች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ በቅናሽ ያስገባሉ፤ የቆየው ደንበኛ ደግሞ ዝም እስካለ ድረስ ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። ይህ አሠራር እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ የብሪታንያ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ ውላቸውን የሚያድሱ ደንበኞች በተመሳሳይ ሁኔታ ለሚገባ አዲስ ደንበኛ ከሚቀርበው ዋጋ በላይ እንዳይጠየቁ ደንብ አውጥቶ እስከ መከልከል ደርሷል። ታማኝነትዎ በራሱ ቅናሽ ያስገኝልኛል ብለው አይጠብቁ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው።

የመጀመሪያው ጥሪዬ ከንቱ የቀረው ልመና ስላደረግሁት ነው። ኑሮ እንደከበደኝ፣ ልጆች እንደማሳድግ፣ ስንት ዓመት ሳላቋርጥ እንደከፈልሁ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ በትሕትና አዳምጣ «ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» አለችኝ፤ እውነቷንም ነበር። ብዙ ኩባንያዎች ዘንድ መጀመሪያ ስልክ የሚያነሣው ሠራተኛ ቅናሽ የመስጠት ሥልጣኑ ጠባብ ነው። ሥልጣኑ ያለው ውል ሊያቋርጡ የተነሡ ደንበኞችን ለማስቀረት የተቋቋመው ክፍል ነው፤ ወደዚያ ለመተላለፍም «ውሌን ስለማቋረጥ መነጋገር እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ስልኩ ቁጥር እየመረጡ እንዲገቡ የሚያደርግ ከሆነ፣ የማቋረጫውን ምርጫ ይጫኑ።

በሁለተኛው ጊዜ ከመደወሌ በፊት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ እነርሱም የውሌ ማብቂያ ቀን፣ ሌላ ኩባንያ ለተመሳሳይ ፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ፣ እንዲሁም እኔ ልከፍል የምፈቅደው ከፍተኛው መጠን ነበሩ። የማብቂያው ቀን ከሁሉ ይበልጣል፤ የውሉ ጊዜ ገና ካላለቀና ያለጊዜው ማቋረጥ ቅጣት ካለው፣ የማቋረጥ ንግግርዎ ባዶ ማስፈራሪያ መሆኑን ሠራተኛው ከፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ያየዋል። እኔ ቀኑ አልፎ ስለነበር ነጻ ነበርሁ። የተፎካካሪውን ዋጋ ተናግሬ፣ «ወደዚህ መጠን ካስጠጋችሁልኝ እቆያለሁ፤ ካልሆነ እሄዳለሁ» ብዬ ዝም አልሁ። ያ ዝምታ ከባድ ነበር። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ «ግድ የለም ይቅር» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ሰውዬው ዋጋው ሳይቀንስ ፍጥነቱ የሚጨምርበት ጥቅል አቀረበልኝ። ይህን ይጠንቀቁ፤ የጠየቁት ቅናሽ ሆኖ ሳለ የሚሰጥዎት የማይጠቀሙበት ተጨማሪ ነገር ከሆነ፣ ወርኃዊ ወጪዎ ያው ነው። አመስግኜ የምፈልገው ያለኝን ፍጥነት በአነስተኛ ዋጋ መሆኑን ደገምሁለት። ትንሽ ስልኩ ላይ አቆይቶኝ ሲመለስ ከጻፍሁት መጠን በታች ነገረኝ።

ደስታዬ ግን አንድ ወር አልቆየም፤ ቀጣዩ ሂሳብ እንደ ድሮው ሆኖ መጣ። የሰውዬውን ስም አልጠየቅሁም፣ የጥሪውን መለያ ቁጥር አልያዝሁም፣ በጽሑፍ የተላከልኝም ማረጋገጫ አልነበረም፤ እንደገና ስደውል የቀረበው ቅናሽ በመዝገባቸው ላይ የለም ተባልሁ። ድርድሩን ከሀ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው የተስማማንበትን መጠን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ አዲስ ውል ያስገባኝ እንደሆነና ለስንት ወር እንደሚያስረኝ ሳያነብልኝ፣ ያንኑም በኢሜይል ሳይልክልኝ ስልኩን አልዘጋም። ስለ አዲሱ ውል መጠየቅ በተለይ አይዘንጋ፤ በቅናሽ ስም ለ24 ወር መታሰር ሊኖር ይችላል።

ስለ ንግግር ዘዬ ጥቂት ብቻ ልበል። ቁጣ አይረዳም፤ ዋጋውን የጨመረው ሠራተኛው አይደለም። እምቢ ካለዎት በሰላም ተሰናብተው በሌላ ቀን ይደውሉ፤ በሌላ ሠራተኛ እጅ ሌላ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ሂሳቡ ላይ የሞደም ኪራይ ተለይቶ የተጻፈ ከሆነ፣ የራስዎን ሞደም ገዝተው የእነርሱን መመለስ ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ይህ ምንም ክርክር ሳይኖር ከየወሩ ክፍያ የሚነሣ ወጪ ነው።

እርስዎ የውልዎን ማብቂያ ቀን በጥያቄዎ ላይ አልጠቀሱም። ውሉን አውጥተው ይመልከቱና ቀኑን እንዲሁም የማቋረጫ ቅጣት መኖር አለመኖሩን ቢጽፉልን፣ መደወል የሚሻለው አሁን ይሁን ወይም ቀኑ ሲቃረብ አብረን እናየዋለን።