የፊት ጎማ አልጎትት ሲል፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ክረምቱ ጠንክሯል። ከጅማ ወደ ዴዶ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ የምትመላለሱ ሰዎች ስለ አሮጌ ፎር ዊል መኪና ብዙ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? ሰቃ አካባቢ ቡና ነው የምጭነው። መኪናዬ አሮጌ 75 ላንድክሩዘር ነው። ትንሿን ማርሽ ኤች ፎር (አራቱም ጎማ የሚጎትትበት) ላይ ሳስገባ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ጭቃ ውስጥ ግን የሚሽከረከረው የኋላው ብቻ ነው። ጋራዥ ወስጄው “ትራንስፈሩ ይውረድ” አሉኝ። ላውርደው?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ እንዳታወርደው። መብራቱን የሚያበራው ትራንስፈሩ፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን ላይ ያለ ስዊች ነው። ትንሿ ማርሽ መግባቷን እንጂ ጎማው መጎተቱን አያውቅም። ከትራንስፈሩ እስከ ጎማው ገና ብዙ ነገር አለ፤ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ፊት የሚወስደው ረጅም ዘንግ)፣ የፊት ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚከፍለው)፣ ወደ ጎማ የሚወጡት ዘንጎች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሃቦቹ።

ሃብ የምለው ጎማው መሀል ላይ በእጅ የምታዞረውን ነው። ፍሪ ላይ ከሆነ ጎማውና ዘንጉ ተለያይተዋል። ሎክ ላይ ሲሆን ይያያዛሉ። ሁለቱም ሎክ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ካልያዘ የፊቱ በሙሉ አይጎትትም። ዲፈረንሻል ኃይሉን ወደ ቀለለው በኩል ነው የሚለቀው። ያልተያያዘው ዘንግ ባዶውን ይሽከረከራል፣ የያዘው ጎማ ዝም ብሎ ይቆማል።

ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ ክረምት ከዴዶ ስመለስ ሁለቱንም ሃብ ሎክ አድርጌ ጭቃ ውስጥ ቀረሁ። የአካባቢው ሰው እስኪመሽ ገፋልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ትራንስፈሩ ወረደ፣ ምንም አልተገኘበትም። ለካ የግራው ሃብ ከላይ ይዞራል እንጂ ውስጡ በደረቀ ግራሶ ተጣብቆ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ሞክር። ሜዳ ቦታ አቁም። የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ። ሞተሩን አጥፋ። ኤች ፎር አስገባ፣ ካምቢዮውንም አንደኛ ላይ ተው፣ ሁለቱን ሃብ ሎክ አድርግ። አሁን አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳና በእጅህ አዙረው። ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቀጥ ካለ ሁሉም ይዟል ማለት ነው። ዝም ብሎ ከዞረ ግን ሌላ ሰው ከጎን ሆኖ የፊት ካርዳኑን ይመልከትልህ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር ማንም እንዳይገባ፣ አደራ።

ካርዳኑ ከጎማው ጋር አብሮ ከዞረ ትራንስፈሩ አልያዘም፣ ጋራዡ እውነቱን ነው። ጎማው እየዞረ ካርዳኑ ከቆመ ግን ትራንስፈሩን አትንካው። ችግሩ ከሁለቱ ሃቦች በአንዱ ነው፣ ወይም ዘንግ ተሰብሯል። ያነሳኸው የቀኙን ቢሆንም ጥፋቱ የግራው ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ክፈት።

ጥያቄ፦ ሃቡን ራሴ መክፈት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። የቶዮታው ክዳን በ6 ትንንሽ ቡሎን ነው የታሰረው፣ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃዋል። መጀመሪያ ፍሪ ላይ አድርገው። ውስጡን በቤንዚን እጠብ፣ አድርቅ፣ ስስ ግራሶ ቀባ። ስስ ነው ያልኩት! ብዙ ቦታ ግራሶ እንደ ገንፎ ሲጠቀጥቁበት አያለሁ። ግራሶው ይወፍርና የሚንሸራተተውን ጥርስ አንቆ ይይዘዋል። የክዳኑ ጋስኬት ከተቀደደ ቀይር። በተለይ መኪናችሁን ወንዝ ውስጥ አስገብታችሁ የምታጥቡ፣ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ስትገጥመውም ፍሪ ላይ እንዳለ ይሁን። ከዚያ በጣትህ አዙረው፣ በፒንሳ አታስገድደው። እምቢ ካለ መኪናውን ትንሽ ወደፊት ወደኋላ አንቀሳቅስ፣ ጥርሶቹ ይገጣጠማሉ።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ስመለስ ኤች ፎር እንደገባ አስፋልት ላይ ነዳሁ። አሁን ማርሹ አልወጣም አለኝ። ሰበርኩት እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ሳይሰበር አይቀርም ብለሽ አትጨነቂ። ቀጥ አድርገሽ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ሂጂና ደግመሽ ሞክሪ፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ በፊትና በኋላ መሀል ዲፈረንሻል የለም። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ይለቀዋል። ደረቅ አስፋልት ግን አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ዘንጎቹ ተጠማዘው ማርሹን ጨምድደው ይይዙታል። አስፋልት ስትደርሺ ወዲያው ኤች ቱ (የኋላው ጎማ ብቻ የሚነዳበት) ላይ መልሺው።

ጥያቄ፦ ኤች ፎር አድርጌ መሪ ስጠመዝዝ ቀጭ ቀጭ ይላል።

መልስ፦ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ አልቋል። ከጎማው በስተውስጥ ቀጭን፣ ዘይት የመሰለ ግራሶ ይንጠባጠባል? ከሆነ ፓራዮሊው (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) አሳልፎ የዲፈረንሻሉ ዘይት ግራሶውን አጥቦታል። መገጣጠሚያውን ስትቀይር ፓራዮሊውንም አብረህ ቀይር። አለበለዚያ አዲሱም እንደዚያው ይሆናል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፓጄሮ አለኝ፣ ሃብ የለውም። የፎር ዊሉ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይረጋም።

መልስ፦ ያንተ የፊት ዘንግ የሚያያዘው ሞተሩ በሚስበው አየር ነው። ቀጫጭኖቹን የጎማ ቱቦዎች ከሞተሩ እስከ ፊት ዲፈረንሻሉ ተከተላቸው። በሙቀት ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ይወልቃሉ። ከቱቦው ጀምር፣ ርካሹ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ክረምቱን በሙሉ ሃቡን ሎክ አድርጌ ብተወውስ?

መልስ፦ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ትንሿ ማርሽ ኤች ቱ ላይ እስካለች ምንም አይጎዳውም፣ ጥቂት ነዳጅ ቢጨምር ነው። በዝናብ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ሃብ ከመፈለግ ይሻላል። በጋም ቢሆን በወር አንዴ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ጥርጊያ መንገድ ላይ ኤች ፎር አድርገህ ንዳ፣ የፊቱ ክፍል ዘይት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ፊት ላይ አዲስ ጎማ ገጠምኩ፣ የኋላው ያለቀ ነው። ኤች ፎር ሳስገባ መኪናው ይከብዳል።

መልስ፦ ያለቀ ጎማ ዙሪያው ያንሳል። ፊትና ኋላው በአንድ ዙር እኩል ካልሄዱ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳን አስፋልት ላይ ኤች ፎር አድርጎ እንደመንዳት ይሆንበታል። ገመድ ውሰድ፣ የፊቱንም የኋላውንም ዙሪያ ለካና አስተያይ። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ የኋላዎቹን እስክትቀይር ኤች ፎርን ለጭቃ ብቻ አስቀምጠው።