የካቸሩ ደሞዝ እና የልጅዎ ዝምታ

ጥያቄ፦

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ታክሲ እነዳለሁ። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። የተወለደው በ2005 ነው፤ የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን ከሞንትሪያል ወደዚህ በመጣበት ዓመት። ጨዋታውን የተማርኩት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ከቻርሊ ስሎውስ ነው። ለልጄ ያስለመድኩትም እኔ ነኝ። በ2019 ዋንጫ ስንበላ ተቃቅፈን አልቅሰናል። አሁን ቡድኑ ገደል ገብቷል። በ2025 ከ162 ጨዋታ 96ቱን ተሸነፈ። ኳስ ወርዋሪው ስትራስበርግ 245 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ቀረ። ሌላው ወርዋሪ ኮርቢን በ140 ሚሊዮን ዶላር ሲሸነፍ ኖረ። ካቸሩ (የወርዋሪውን ኳስ የሚይዘው) ኬይበርት ሩዊዝ ስምንት ዓመት በ50 ሚሊዮን ተፈረመለት፤ ምን ሠራ? አሁን ደግሞ ቡድኑን ለልጆች አስረከቡት፤ አዲሱ አሰልጣኝ 33 ዓመቱ ነው አሉ።

ይህን ስናገር ልጄ ይቆጣል። መስከረም ላይ ስለ ሩዊዝ ሳወራ “አባዬ፣ ሰውየው እኮ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው! አንተ ስለ ብሩ ብቻ ነው የምታወራው!” ብሎ ጮኸብኝና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የዶጀርስንና የቶሮንቶን ፍጻሜ እንኳ አብሮኝ አላየም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲውን ስላቋረጠ ቤት ነው የሚውለው። ለትምህርቱ ብድር የፈረምኩት እኔ ነኝ። እናቱ “ተወው” ትላለች። ልጅ በኳስ ምክንያት አባቱን ይንቃል? ለመሆኑ ማን ነው ትክክል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎ ከዚህ በጣም ይረዝማል፤ ለአንባቢ እንዲመች አሳጥረነዋል። እኔ ግን ሙሉውን አንብቤዋለሁ። በ2021 ወርዋሪው ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ለዶጀርስ ስለተሰጡበት ዝውውር አንድ አንቀጽ ጽፈዋል። በ2022 ሁዋን ሶቶ ለሳንዲዬጎ ስለሄደበት ደግሞ አንድ ሌላ። ስለ ልጅዎ ትምህርት ያለው «ስላቋረጠ» የምትለው ቃልና ስለ ብድሩ የጻፏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ለምን አቋረጠ? መቼ? ምን አለዎት? እርስዎስ ምን አሉት? አንዱም የለም። የሩዊዝን ውል ግን እስከ ዶላሩ ያውቁታል።

ለጥያቄዎ ልመልስና ልለፈው። ስለ ቤዝቦሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሩዊዝ ከዶጀርስ ሲመጣ የቡድኑ ምሰሶ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ አልሆነም። ደጋፊ ይህን ማለት መብቱ ነው። ልጅዎ ያለውም እውነት ነው። ሰውየው በ2025 ከሜዳው ዳር ተጫዋቾች በሚቆዩበት ቦታ እያለ በኳስ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይጫወት ዓመቱ አለቀ። ውሉ እስከ 2030 ስለሆነ ለክርክሩ ገና ብዙ ጊዜ አላችሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። በልጅዎ ቦታ ሆነው ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጡ። ትምህርት አቋርጠው ቤት ገብተዋል። ዕድሜዎ 20 ነው። የአባትዎን ዓይን ማየት ከብዶዎታል። ማታ ማታ አባትዎ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብለው ይናገራሉ። «ይኼ ሁሉ ብር ፈሶበት!» «እስከ መቼ ነው የሚታገሡት?» «አይችልም፤ በቃ፣ ወደ ታች ይላኩት!» በ2024 የቡድኑ ተጫዋች ሲጄ ኤብራምስ ቺካጎ ላይ ካዚኖ አምሽቶ ወደ ታችኛው ሊግ ሲላክ «ጎሽ፣ ልክ አገቡት» እንዳሉ በደብዳቤዎ ነግረውኛል። ያን ጊዜ ልጅዎ ምን አለ? አልጻፉትም። ምናልባት ምንም አላለም ይሆናል። ግን የሰማ ይመስለኛል።

እርስዎ አሽሙር እየተናገሩ ነበር አልልም። ስለ ካቸር ያወሩ የነበሩት ስለ ካቸር ነው፤ አምንዎታለሁ። ነገር ግን እኛ ቤት ትልልቁ ነገር በቀጥታ አይነገርም። የጎረቤት ልጅ ሲመረቅ እናት «የእነ እገሌ ልጅ፣ ታድለው!» ትላለች፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠው ልጅ ለማን እንደተባለ ያውቃል። አክስት በስልክ ስለ አንዲት ሰነፍ ሙሽራ ስታወራ፣ ጓዳ ያለችው የወንድሟ ሚስት ሳህን ማጠቡን ታቆምና ታዳምጣለች። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው የሌላ ሰው ስም ሲነሳ የራሱን ስም ይፈልጋል። አሜሪካ መወለዱ ይህን ጆሮ አላጠፋበትም። እንዲያውም አማርኛው ሲደክም፣ ቃሉ ሲያመልጠው፣ የድምፁን ቃና ለመያዝ ይበልጥ የሚጠነቀቅ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ወላጆች ቢሮዬ መጥተው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ለምን አልነገረኝም? መትቼው አላውቅ፣ ሰድቤው አላውቅ!» እውነታቸውን ነው፤ አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። ግን ልጅ «ብወድቅ ምን ትሉኛላችሁ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። መጠየቅ አያስፈልገውም። ሥራ ስላጣው ያጎት ልጅ፣ ስለተፋታችው ጎረቤት፣ መጠጥ ስለጀመረው የሠፈር ሰው ራት ላይ ምን እንደሚባል ለዓመታት ሰምቷል። የወደቀ ሰው በዚህ ቤት እንዴት እንደሚወራ ያውቃል። የራሱ ተራ ሲደርስ መልሱ እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ዝም ይላል።

የእርስዎ ልጅ ግን ሙሉ በሙሉ ዝም አላለም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤዎ ውስጥ ደስ ያለኝ ነገር ይህ ነው። ለሩዊዝ ጠበቃ ቆመ። «ሰውየው እኮ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው» አለ። እኔ ይህን ሳነብ ልጅዎ ስለ ራሱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረ መሰለኝ። የደረሰበት ነገር አለ፤ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይጠየቅልኝ፤ ሒሳቡ ይቆየኝ። እርስዎ ለልጅዎ ሊሉት የማይደፍሩትን በሩዊዝ ይናገራሉ፤ እሱም ለእርስዎ ሊመልስ የማይደፍረውን በሩዊዝ ይመልሳል። ካቸሩ ምስኪን የሁለታችሁንም ኳስ ይይዛል።

ይህ ንባቤ ትክክል ላይሆን ይችላል። ልጅዎ የምር ሩዊዝን የሚወድ ደጋፊ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ የቤዝቦል ክርክር አባትና ልጅን ይህን ያህል ጊዜ ካኮራረፈ፣ ከቤዝቦል ያለፈ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር አይከፋም።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ስለ ፓትሪክ ኮርቢን ሲጽፉ 140 ሚሊዮኑን፣ ከዚያም ዓመት ከዓመት መሸነፉን አስታውሰዋል። ልክ ነው፤ በ2022 ብቻ 19 ጊዜ ተሸንፏል። ግን እርስዎና ልጅዎ ተቃቅፋችሁ ባለቀሳችሁበት ሌሊት፣ በሂውስተኑ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ሸርዘርን ተክቶ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት የወረወረው ማን ነበር? ኮርቢን ነው። ድሉ የተመዘገበው በስሙ ነው። ይህ ደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ረስተውት አይመስለኝም፤ ሌላውን ሁሉ የሚያስታውሱ ሰው ነዎት። ሰው ሲያሳዝንዎት በጎ ነገሩ ከሒሳቡ ይወጣል። ከዚያ ስለ ልጅዎ የጻፉትን ደግሜ አነበብኩ። ይጮሃል፣ ይንቃል፣ በር ይዘጋል፣ ቤት ይውላል። አንድም መልካም ነገር አላገኘሁበትም። 20 ዓመት አሳድገውታል። እንዴት አንድ ይጠፋል?

ክፉ አባት ነዎት እያልኩ አይደለም። ሌሊት አየር ማረፊያ ተሰልፎ ደንበኛ የሚጠብቅ ሰው 50 ሚሊዮን ዶላር ሲባክን ቢያቃጥለው አይገርመኝም። የአንድ ዶላርን ክብደት ያውቃሉ። የብድሩ ወረቀት ላይ ሲፈርሙም ያውቁ ነበር። የሚያስፈራዎት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ «ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ቢቀርስ?» የሚል። ይህን ፍርሃት ለልጅ ፊት ለፊት መናገር ከባድ ነው። ተጫዋች ላይ መጮህ ይቀላል። ተጫዋቹ አይሰማማ። ችግሩ ልጁ መስማቱ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ወዳጅ ዘመድ ምክር ሲሰጥዎት የ2019ኙን ታሪክ ማንሳቱ አይቀርም። ቡድኑ ያን ዓመት 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ጀምሮ፣ አሰልጣኙ ይባረር ሲባል፣ መጨረሻ ላይ ዋንጫ በላ፤ ስለዚህ ልጅህን ታገሠው፣ ነገ ያኮራሃል ይሉዎታል። ለልጅዎ ይህን እንዳይነግሩት። ሲሰሙት ያጽናናል፤ ግን ውስጡ ያው የድሮው ሒሳብ ነው። ዋንጫ ስለሚመጣ ነው የታገሥኩህ ማለት ነው። ባይመጣስ? በየዓመቱ ሰላሳ ቡድን ይጫወታል፤ ዋንጫ የሚበላው አንዱ ነው። ልጅዎ ወደ ዩኒቨርሲቲው ላይመለስ ይችላል። ሌላ ትምህርት ሊመርጥ፣ ሥራ ሊገባ ይችላል። ትዕግሥትዎ ወለድ የሚታሰብበት ብድር ከሆነ፣ እሱ ደግሞ ብድር ምን እንደሆነ ከእርስዎ ተምሯል፤ ባይቀበለው ይመርጣል።

ምን ይደረግ ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም፤ ልጅዎን አላየሁትምና። ቤዝቦሉን አያቁሙ። ስለ ውልና ስለ ደሞዝ የሚያወሩትን ግን ለጊዜው ቢቀንሱት ጥሩ ነው። «ለምን አቋረጥክ?» ብለው እንደ መርማሪ አይጀምሩ። የሚቀለው መኪና ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ እርስዎ መንገዱን ያያሉ፣ እሱም መንገዱን ያያል። አጭር ነገር ይበቃል። «ስለ ትምህርቱ ስትፈልግ ንገረኝ። የምጮኸው ስለ ተጫዋቾቹ ነው፤ አንተን እንደዚያ አላይህም። ደንግጬ ግን ነበር።» መጨረሻዋን አይተዋት፤ አባቱ እንደደነገጠ ማወቁ አይጎዳውም። መልስ ላይሰጥ ይችላል። እሺ ይሁን። ባለቤትዎ «ተወው» ሲሉም ምን አውቀው እንደሆነ በእርጋታ ይጠይቋቸው፤ እናት ቀድማ የሰማችው ነገር ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አይዘገይም። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ እንደሚውል ጽፈዋል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ገላ መታጠቡ፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለው ነገር እንዴት ነው? ይህ ሁሉ ከተበላሸ የድብርት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። መኖር ሰልችቶኛል የሚል ቃል ከወጣው አይጠብቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ቀንም ሌሊትም 988 ደውሎ ወይም የጽሑፍ መልእክት ልኮ ባለሙያ ማግኘት ይቻላል።

ከዚያ ውጭ ያለውን ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ የምታወሩበት የቤተሰብ አማካሪ ብትፈልጉ እመርጣለሁ። ዋሽንግተንና አካባቢው አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ለማግኘት ከሌላ ቦታ ይሻላል፤ የኮሚኒቲ ማኅበራትም ቤተ ክርስቲያኖችም ሊጠቁሙዎት ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲውም ላቋረጠ ተማሪ የምክር አገልግሎት ይሰጥ እንደሆነ ልጅዎ ይጠይቅ። ሲሄዱ ልጁን ለማስተካከል ብለው አይሂዱ፤ ይህን በር ላይ ያውቀዋል። አልሄድም ካለም እርስዎ ብቻዎን ይጀምሩ። አባት በየሳምንቱ ሲሄድ ያየ ልጅ አንድ ቀን «እዚያ ምንድን ነው የምታወሩት?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ካልጠየቀም ቀጠሮዎን አይሰርዙ።