የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአሻንጉሊት መኪና መወዳደሪያ የሚሆኑ ታፔላዎች

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር በ1 ለ32 ልክ የተሠሩ የስሎት ካር መኪኖች (በመሙ ላይ ባለ ቦይ እየተመሩ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አሻንጉሊቶች) የሚሮጡበትን መም በመሥራት ላይ ነኝ። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን በፈረንሳይ የሚካሄደውን የሌ ማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር እንዲመስል የማስታወቂያ ታፔላዎችን በቤቴ ኢንክጄት ማተሚያ አትሜ በመንገዱ ዳር አቆምኩ፤ ሆኖም መጫወቻነታቸው ከሩቅ ያስታውቃል፣ ጠርዛቸው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ እርጥብ እጅ ሲነካቸውም ቀለማቸው ይለቃል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ልኩን ይፈትሹ። ታፔላውን በዓይን ግምት ያሳነሱት እንደሆነ ከመኪናው ጎን ሲቆም መጠኑ አይገጥምም። የእውነተኛውን ሰሌዳ ልክ ለ32 ያካፍሉ፤ 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ቁመት ያለው ሰሌዳ 94 በ31 ሚሊሜትር ይሆናል።

ዘመኑም ሊጠበቅ ይገባል። በዚያን ጊዜ በመም ዳር ጎልተው ይታዩ የነበሩት የጎማ፣ የነዳጅ፣ የዘይትና የካንዴላ ማስታወቂያዎች ናቸው። ዛሬ የምናውቀው የነዳጅ ኩባንያው የሼል የዛጎል ምልክት የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1971 ስለሆነ፣ ለእርስዎ መም የሚስማማው ስሙ በዛጎሉ ላይ የተጻፈበት የቀድሞው ምልክት ነው። ይህን የሚያስተውል ተመልካች ጥቂት ቢሆንም፣ ልጅዎ የዘመኑን መልክ በትክክል ቢያውቅ ደስ ይለናል።

ነጩ ጠርዝ የወረቀቱ ውፍረት ነው። ታፔላውን በብረት ማስመሪያና በአዲስ ምላጭ፣ ሳይጫኑ ደጋግመው በመሳብ ይቁረጡት፤ ከዚያም ከሰሌዳው ቀለም ጥቂት የጠቆረ ማርከር ከጀርባው በኩል አዘንብለው በጠርዙ ላይ ብቻ ያስኪዱ። ከፊት ለፊት ከቀቡት ቀለሙ ወደ ጽሑፉ ይሰርጋል።

ቀለሙ የሚለቀው የብዙዎቹ የቤት ኢንክጄቶች ቀለም በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ነው። የማያብለጨልጭ የሚረጭ ቫርኒሽ በስሱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እንዲደርቅ እየጠበቁ ይንፉበት፤ በአንድ ጊዜ ካወፈሩት ራሱ ቫርኒሹ ቀለሙን ሊያበላሽ ይችላል። ፎቶ ኮፒ ቤት በሌዘር ማስታተም ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ግን አንመክርም፤ መጫወቻነቱን አስቀድሞ የሚያጋልጠው የመብራት ነጸብራቅ ነውና።

ኮላ ወረቀቱን ስለሚያሸበሽበው፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፕላስቲክ ላይ በሁለት ፊቱ በሚጣበቅ ፕላስተር ይለጥፉት። በመታጠፊያዎች ውጫዊ ዳር የሚቆሙትን ደግሞ ከመሬቱ ጋር አያጣብቋቸው፤ ከቦዩ የወጣ መኪና ሲመታቸው ሳይሰበሩ ቢወድቁ መልሶ ማቆም ይቻላል።